የቢግ ባንግ ሃሳብ ከካህን መምጣቱ ለሳይንሱ ለውጥ አለው?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን አላችሁ? ለብዙ ጊዜ ሳብላላው የቆየሁትን ነገር ላቅርብላችሁ። ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ዩኒቨርስ እየተለጠጠ መሆኑን ከአንስታይን ቀመሮች አስልቶ በ1927 ያሳተመ አንድ ካቶሊካዊ ካህን ነበር። ዦርዥ ለሜትር ይባላል፤ የቤልጂየም ሰው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛ ክፍል ተዋግቷል። በ1923 ክህነት ተቀበለ፤ ወዲያው ኬምብሪጅ ሄዶ ከእንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከአርተር ኤዲንግተን ጋር ሠራ። በ1931 ደግሞ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አጭር ደብዳቤ አወጣ። ዓለም ሁሉ ከአንድ ጥንታዊ አቶም ተነስቶ ሊሆን ይችላል አለ። ዛሬ ቢግ ባንግ የምንለው ሃሳብ ሥሩ እዚያ ነው። አንስታይን መጀመሪያ ላይ አልተዋጠለትም። በ1927 ብራስልስ ላይ ሲገናኙ ሂሳቡ ልክ ነው፣ ፊዚክሱ ግን አስቀያሚ ነው ብሎት ነበር። የጥንታዊው አቶም ነገር ሲመጣም፣ ለሜትር በኋላ እንደተናገረው፣ አንስታይንን የከበደው ፍጥረትን በጣም የሚያስታውስ መሆኑ ነው።

ይህ ጉዳይ ሲነሳ ሁልጊዜ ሁለት ጎራ አያለሁ። አንዱ ሃይማኖትና ሳይንስ ጠላት ናቸው፣ በቃ ይላል። ሌላው ሳይንስ ያገኘው ሁሉ በቅዱስ መጽሐፍ አስቀድሞ ተጽፏል ይላል። ሁለቱም ታሪኩን ቀርበው አላዩትም ብዬ አምናለሁ። የኔ አቋም እንዲህ ነው። ሃይማኖታዊ ሃሳብ ለዘመናዊ ሳይንስ ትልልቅ ጥያቄዎችን ሰጥቶታል። ዓለም ሥርዓት አላት፣ ብንፈልግ እናገኘዋለን የሚል እምነትም ሰጥቶታል። መልሱ ግን የተገኘው በመለካትና በማስላት ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። በሳይንስ ውስጥ በእርግጥ ሥራ የሠራው ሃይማኖታዊ ሃሳብ የትኛው ነው? እገሌ አማኝ ነበር ማለት አይበቃኝም። እምነቱ ሥራው ውስጥ ገብቶ ምን እንዳደረገ አሳዩኝ።

ምላሾቹ

ብዙ ሰው ስለተሳተፈ የተባለውን እንደ አመጣጡ በራሴ አነጋገር ልተርከው።

1ኛው ምላሽ በትሕትና የተጻፈ ነበር። ጸሐፊው እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ ጀመረና ኒውተንን አነሳ። ሥርዓት ያለው ፈጣሪ ሥርዓት ያለው ዓለም ይፈጥራል የሚለው እምነት ነው ኒውተንን ወደ ስበት ሕግ የመራው አለ። የኒውተን ዋና መጽሐፍ ፕሪንኪፒያ በ1687 ታትሞ፣ በ1713 በወጣው ሁለተኛ እትም ላይ ኒውተን ስለ ፈጣሪ ጌትነት የሚናገር መደምደሚያ እንደጨመረበትም አስታወሰ።

2ኛው መላሽ የፊዚክስ መምህር ነኝ ያሉ ሰው ናቸው። የወንድማችን ነገር እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው አሉ። ፕላኔቶች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ፣ ኒውተን ምህዋራቸው በጊዜ ብዛት ይዛባል ብሎ ሰጋ። መፍትሔውም ፈጣሪ አልፎ አልፎ እያስተካከለው ነው የሚል ሆነ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ በ1715 በጻፈው ደብዳቤ ይህን ነቀፈ። ሥራውን እየደጋገመ የሚጠግን ሠሪ ፍጹም ሊባል አይችልም የሚል ነበር ክርክሩ። መምህሩ እዚህ ላይ ቆም ብለው፣ ልብ በሉ፣ ሁለቱም የተሟገቱት በሥነ መለኮት ነው አሉ። በ1780ዎቹ ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ላፕላስ የጁፒተርና የሳተርንን መዛባት በኒውተን በራሱ ስበት አስልቶ አስረዳው። ስለዚህ እምነቱ ኒውተንን ሥርዓት አለ ብሎ እንዲፈልግ ሲገፋው ጠቀመው። ያልደረሰበትን ቦታ በፈጣሪ እጅ ሲሞላው ግን ፍለጋው እዚያው ቆመ።

ይህ ምላሽ ለኔ የውይይቱን ክር በሙሉ ያቃና ነው። እምነት መነሻ ሲሆንና መልስ ሲሆን ያለው ልዩነት ቁልጭ ብሎ የታየበት ነው። ከዚህ በኋላ የመጣውን ሁሉ የመዘንኩት በዚሁ ነው።

በ3ኛ ምላሽ ስቶክሆልም የምትኖር እህት ገባች። አባቷ ጎጃም ውስጥ መሪጌታ ነበሩ። አስኳላ ገብታ ማካፈልን በወጉ ሳትማር አበቅቴ (በዓላትን ለማውጣት የሚያገለግል ቁጥር) ማውጣት ትችል እንደነበር ጻፈች። ዛሬ ሶፍትዌር ትሠራለች። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫ ስሌት፣ ሳይንስ ይባላል ወይ ብላ ጠየቀች። ለጊዜው ማንም አልመለሰላትም፤ ወዲያው ክሩ ጋለ።

ያጋለው 4ኛው መላሽ ነው። ሰላምታ የለ ምን የለ። ጋሊሊዮን በ1633 አንበርክኮ ቃሉን ያስካደው ማነው አለ። መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ያለውን የኮፐርኒከስን መጽሐፍ በ1616 ያገደውስ? ቤተ ክርስቲያኒቱ በጋሊሊዮ ጉዳይ ስህተት እንደነበረ በይፋ ለመናገር እስከ 1992 መቆየቷን ጨመረ። እንዲህ ያለውን ተቋም የሳይንስ ወላጅ ማድረግ የታሪክ ማጠብ ነው አለ። ንግግሩ ሻካራ ነው፤ የጠቀሳቸው ነገሮች ግን እውነት ናቸው። ማንም በዚህ ላይ ሊያመቻምች አይገባም።

5ኛው መላሽ የ4ኛውን እውነታ አልካደም። ሌላ እውነታ ጎኑ አስቀመጠ። ጋሊሊዮ ከተፈረደበት 22 ዓመት በኋላ፣ በ1655፣ ቦሎኛ ባለው የሳን ፔትሮኒዮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሥነ ፈለክ ሊቁ ካሲኒ ከ60 ሜትር በላይ የሚረዝም የፀሐይ መስመር ወለሉ ላይ አስዘረጋ። ጣሪያው ላይ ባለች ቀዳዳ የምትገባው ጨረር እኩለ ቀን ላይ በመስመሩ ላይ ታርፋለች። ምክንያቱ ሃይማኖታዊ ነበር። ፋሲካን በትክክል ለማውጣት የፀሐይን ዓመት በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ካሲኒ ግን በዚያው መስመር የፀሐይ ምስል በዓመቱ ውስጥ ስንት እንደሚሰፋና እንደሚጠብ ለካ። ውጤቱ የኬፕለርን ሃሳብ የሚደግፍ ሆነ። ማለትም መሬት ትዞራለች የሚለውን ትምህርት ያገደችው ቤተ ክርስቲያን፣ ወለሏ ላይ የዚያኑ ትምህርት ደጋፊ የነበረውን የኬፕለርን ሃሳብ የሚያጠናክር ማስረጃ አስለካች።

4ኛው ተመልሶ፣ ይህ የተቋም ገንዘብ እንጂ የሃይማኖት ሃሳብ አይደለም አለ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። ፋሲካ ከጨረቃ ጋር መታሰር አለበት የሚለው ራሱ ሃሳብ ነው፤ የመለካቱን ሥራ የወለደውም እሱ ነው።

6ኛው አጭር ነው፦ ሜንዴል መነኩሴ ነበር፣ ጄኔቲክስ የገዳም ልጅ ነው። 7ኛው ያው 4ኛው ያነሳውን ልዩነት በለዘበ ቋንቋ ደገመለት። ሜንዴል ብርኖ በሚገኘው ገዳም ውስጥ 28,000 ገደማ የአተር ተክል መርምሯል። ገዳሙ ቦታና ጊዜ ሰጠው። አተሩን ቆጥሮ ሦስት ለአንድ የሚለው ስሌት ላይ ሲደርስ ግን ከትምህርተ ሃይማኖት የወሰደው ነገር አይታይም። በዚህ እኔም እስማማለሁ። ለአንድ ክርክር ሲባል የማይገባ ምሳሌ መሰብሰብ ክርክሩን ያዳክመዋል።

በ8ኛ ምላሽ ከጂዳ የጻፈ ወንድም አሰላሙ አለይኩም ብሎ ገባና፣ እስካሁን ሁሉም ምሳሌ ከክርስትና ብቻ ለምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። የሚገባ ጥያቄ ነው። የአል-ኸዋሪዝሚ የአልጀብራ መጽሐፍ ሰፊ ክፍል የውርስ ክፍፍል እንደሆነ ጻፈ። የቁርኣን የውርስ ድንጋጌ ለሚስት ይህን፣ ለሴት ልጅ ያን ያህል እጅ ይሰጣል። ከዚያ ላይ ዕዳና ኑዛዜ ሲጨመር ስሌቱ ቀመር ይፈልጋል። ቀጥሎ ቂብላን አነሳ። ከየትኛውም ከተማ ወደ መካ ያለውን አቅጣጫ ማውጣት በክብ መሬት ላይ የሚሠራ የማዕዘን ሂሳብ ይጠይቃል። በመጨረሻም ኢብን አል-ሻጢርን አመጣ። በ1375 ያረፈ፣ በደማስቆው የኡመያድ መስጊድ ሙወቂት፣ ማለትም የሶላት ሰዓት አስሊ የነበረ ሰው ነው። የጨረቃ ሞዴሉ ኮፐርኒከስ በ1543 ካሳተመው ጋር በሂሳብ አንድ ነው።

9ኛው ደግሞ በጥንቃቄ አረመው። ኮፐርኒከስ ከደማስቆ ወሰደ የሚያሰኝ፣ የተረጋገጠ መንገድ የለም፤ ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከሩበታል። የሞዴሎቹ መመሳሰል ግን አይካድም አለ። 8ኛው ጀዛከላህ ብሎ ተቀበለው። እንዲህ ያለ ልውውጥ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

10ኛው ምላሽ ላይ ግን ክሩ ወደ ፈራሁት አቅጣጫ ሄደ። ጸሐፊው ቢግ ባንግ በኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ተጽፏል አለ። ብርሃን ይሁን የሚለው ቃል ራሱ ፍንዳታው ነው አለ። ሳይንቲስቶች ዘግይተው ደረሱበት እንጂ አባቶቻችን ያውቁት ነበር ሲል ዘጋው። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። 11ኛውን ምላሽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ረዘም ያለ ነበር፤ ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው።

ኅዳር 22 ቀን 1951 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ ንግግር አደረጉ። ዘመናዊው ሳይንስ ወደ መጀመሪያው ብርሃን ይሁን ምስክርነት የደረሰ ይመስላል የሚል መንፈስ ነበረው። ልክ 10ኛው ያለውን ማለት ነው። ይህን ሲሰማ ሊደሰት የሚገባው ሰው ማን ነበር? ለሜትር ነበር። ካህን ነው፣ የአካዳሚው አባል ነው፣ የሃሳቡም ባለቤት ነው። እሱ ግን ከፋው። ስለ ጉዳዩ የቫቲካን የሥነ ፈለክ ጣቢያ ኃላፊ ከነበሩት ከአባ ዳንኤል ኦኮነል ጋር ተነጋገረ። በመስከረም 1952 ጳጳሱ ሮም ላይ ለተሰበሰቡት የዓለም ሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ሲናገሩ ያንን አባባል አልደገሙትም።

ለምን ከፋው? ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው ሳይንሳዊ ነው። የሱ ሃሳብ በ1951 ገና ያልተረጋገጠ መላምት ነበር። ሁለተኛው ሃይማኖታዊ ነው። በመላምት ላይ የተሠራ እምነት መላምቱ በወደቀ ቀን አብሮ ይወድቃል። ለሜትር ቲዎሪው ከማንኛውም የሃይማኖት ጥያቄ ውጭ እንደሆነ ይናገር ነበር፤ አማኙም ኢአማኒውም እኩል ሊይዘው ይችላል ማለቱ ነው። በዚያው በ1931 ደብዳቤው ረቂቅ መጨረሻ ላይ ስለ ተሰወረ አምላክ የምትናገር አንቀጽ ጽፎ ነበር። ከመታተሙ በፊት ተሰረዘች። እምነቱን አልካደም፤ ቦታው ግን የፊዚክስ መጽሔት አልነበረም። ወንድሜ፣ የሃሳቡ ባለቤት ለጳጳስ እንኳ ያልፈቀደውን እኛ ለምን እንፈቅዳለን ብዬ ጻፍኩ።

12ኛው ምላሽ ከ10ኛው ሰው የመጣ ሲሆን በቁጣ የተሞላ ነበር። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ይለኝ የነበረው ሰው ወደ አንተ ዞረ። ፈረንጅ ያልፈቀደውን አንፈቅድም ማለትህ ነው ወይ አለ። እምነትህን ደብቀህ ነው የምትጽፈው ሲልም ከሰሰኝ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ገብተው ተሰዳደቡ፤ አስተባባሪው የነሱን አጠፋ። እኔ አማኝ መሆኔን አልደበቅሁም። ለእምነቴ ስለምሳሳ ነው በየዓመቱ በሚሻሻል ቲዎሪ ላይ እንዲንጠለጠል የማልፈልገው። ይህንኑ መለስኩለት፤ ወደ እርስዎ ግን አልተመለሰም።

ነገሩን ያበረደው 13ኛው መላሽ ነው። ከሌላው ወገን መጣ። ለዩኒቨርስ መጀመሪያ መኖሩን ያልወደዱ ሳይንቲስቶችም ከልባቸው ዝንባሌ ነፃ አልነበሩም አለ። ፍሬድ ሆይል ኢአማኒ ነበር። በ1948 ከቦንዲና ከጎልድ ጋር ሆኖ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው፣ ሁልጊዜ ባለበት የሚኖር ዩኒቨርስ የሚል ተቃራኒ ቲዎሪ አቀረበ። ቢግ ባንግ የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው፤ በ1949 በቢቢሲ ሬዲዮ ሲናገር። መጀመሪያ የሚባለው ነገር ሃይማኖት ሃይማኖት ይሸተው ነበር። ክርክሩን የቆረጠው ግን የማንም ዝንባሌ አይደለም። በ1965 ፔንዚያስና ዊልሰን ከየአቅጣጫው የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ማግኘታቸውን አሳወቁ፤ ከዩኒቨርስ ልጅነት የተረፈ ሙቀት ነው። ለሜትር ወሬውን የሰማው በ1966 ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነው።

እኔ አንድ ነገር ጨመርኩ። ኤዲንግተን፣ የለሜትር አስተማሪ፣ አጥባቂ ኩዌከር ክርስቲያን ነበር። እሱም በ1931 የዓለም መጀመሪያ የሚባለው ሃሳብ አይዋጥልኝም ብሎ ጽፏል። ስለዚህ አማኝ ሁሉ ቢግ ባንግን ወደደ፣ ኢአማኒ ሁሉ ጠላ ማለት አይቻልም። እምነት የሰውን ምርጫ ሲነካም የት እንደሚያደርሰው አስቀድሞ አይታወቅም።

በ14ኛ ምላሽ የመጣው በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉ ያስደሰተኝ ነው። ጸሐፊዋ ስለ ራሷ ምንም አላለችም። ስለ ኬፕለር ብቻ ጻፈች። ኬፕለር ቱቢንገን የገባው የሃይማኖት መምህር ሊሆን ነበር። ግራትስ ላይ ሂሳብ አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። ዓለምን የሥላሴ ምሳሌ አድርጎ ያያት ነበር። ፀሐይ በመካከል አብ፣ የከዋክብቱ ሉል ወልድ፣ በመካከላቸው ያለው ቦታ መንፈስ ቅዱስ። ስለዚህ ፀሐይ መካከል ላይ ያለችው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም፤ ፕላኔቶቹን የሚያንቀሳቅስ ኃይል ከሷ መውጣት አለበት ብሎ አሰበ። ከሱ በፊት የነበሩት በአብዛኛው ምህዋሩን በጂኦሜትሪ መግለጽ ይበቃቸው ነበር። እሱ ግን ምን ያንቀሳቅሰዋል ብሎ ጠየቀ። በ1596 ያወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ ግን ስህተት ነው። በስድስቱ ፕላኔቶች መካከል አምስቱን ፍጹም ቅርጾች ሰካ፤ ፈጣሪ እንዲህ ነድፏል ብሎ።

ከዚያ ታይኮ ብራሄ ጋ ፕራግ ሄደ። ታይኮ በ1601 ሲሞት የማርስ ልኬቶቹ በኬፕለር እጅ ቀሩ። ኬፕለር በክብ ምህዋር አስልቶ ሲያበቃ ከታይኮ ልኬት በ8 የቅስት ደቂቃ ተለየ። ይህ የሙሉ ጨረቃ ስፋት ሩብ ገደማ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህችን ይተዋት ነበር። ኬፕለር አልተዋትም። ምክንያቱን ራሱ ጽፎታል ብላ ጸሐፊዋ ተረከችው፦ የመለኮት ቸርነት ታይኮን የመሰለ ትጉህ ተመልካች ከሰጠን፣ ይህን ስጦታ በምስጋና ተቀብለን ልንጠቀምበት ይገባል የሚል ነው። ከዚያች ልዩነት ተነስቶ ክቡን ጣለው። በ1609 የማርስ ምህዋር ሞላላ መሆኑን አሳተመ።

ጸሐፊዋ ከዚህ ምን እንዳየች ጻፈች። የኬፕለር እምነት የመጀመሪያውን ስህተት አሳሳተው፤ ያው እምነት ደግሞ ልኬቱን እንዲያከብርና ስህተቱን እንዲጥል አደረገው። ኬፕለር በሃይማኖቱም ተመችቶት አልኖረም፤ የቁርባንን ትምህርት በተመለከተ ከሉተራኖቹ ጋር ባለመስማማቱ ሊንዝ ላይ ቁርባን ተከልክሏል። የፈለግሁት መልስ ይሄ ነበር። እምነቱ ሥራው ውስጥ ገብቶ ምን እንዳደረገ በግልጽ ያሳያል።

15ኛው ዳርዊንን አመጣ፤ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። ዳርዊን ኬምብሪጅ የገባው ቄስ ሊሆን ነበር። እዚያ የዊልያም ፔይሊን መጻሕፍት አነበበ፤ በጣም እንደወደዳቸውም ራሱ ጽፏል። ፔይሊ ዓይን እንዲህ ሆኖ ለማየት የተመቻቸው እንዴት ነው ብሎ ይጠይቅና ነዳፊ ስላለ ነው ይላል። በ1859 ዳርዊን ያንኑ ጥያቄ ይዞ ሌላ መልስ ሰጠ። 4ኛው ይህን ሲያይ፣ ይኸው ሃይማኖት ተሸነፈ ብሎ ገባ። 15ኛው ስለ ማሸነፍና መሸነፍ አላወራሁም፣ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ነው የተናገርኩት ብሎ መለሰለት።

ከዚያ ክሩ ወደ አገር ቤት ተንሸራተተ። 16ኛው መጽሐፈ ሄኖክን ጠቅሶ ዘመናዊው ሥነ ፈለክ ሁሉ እዚያ አለ አለ። በዚያው ፈላስፋውን ዘርዓ ያዕቆብንና ሐተታውን አከለበት። 17ኛው ሐተታውን ማን ጻፈው የሚለው ክርክር ከ1920 ጀምሮ እንዳለ አስታውሶ፣ ራሱን የቻለ ክር ይክፈቱለት አለ። ስለ ሄኖክ ግን በደንብ መለሰ። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ መሆኑ የሚያኮራ ነው። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ስለ ፀሐይና ጨረቃ መንገድ፣ ስለሚወጡባቸውና ስለሚገቡባቸው በሮች ይናገራል። ዓመቱ ግን 364 ቀን ነው። የኛ የዘመን አቆጣጠር ራሱ አልተከተለውም፤ 365 ቀን ቆጥሮ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ያደርጋል። ሊቃውንቱ መጽሐፉን ቅዱስ ብለው ሲቀበሉ፣ ቁጥሩን ከሰማዩ ጋር አስተያይተው ሌላውን ተጠቅመዋል። ይህ ምላሽ ከ16ኛው የበለጠ አባቶችን አክብሯል ባይ ነኝ።

18ኛው ምላሽ የስቶክሆልሟ እህት ነበር። ማንም ባይመልስልኝ ራሴ ላሳያችሁ ብላ የ2018 ዓ.ም. ባሕረ ሐሳብን አስልታ አስቀመጠች። 5500 እና 2018 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንዱ ሲቀነስ 12 ወንበር ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ 12 ይቀራል፣ ይህ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፣ ይህ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው። መጥቅዑ 18 ስለሆነ መስከረም 18 ታየ፤ እሑድ ዋለ። የእሑድ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበ ተደማሪ ቁጥር) 7 ስለሆነ ተደምሮ 25 መባጃ ሐመር (የነነዌ ጾም መግቢያ ማውጫ) ሆነ። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ተቆጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ።

መግደፍ ማለት እኛ ፕሮግራመሮች በየቀኑ የምንጠቀምበት የቀሪ ሂሳብ ነው አለች። መሪጌታ አባቷ ያለ ወረቀት በጣት ይሠሩት ነበር። በአውሮፓም የሂሳብ ሊቁ ጋውስ በ1800 የፋሲካን ቀን ማውጫ ቀመር እንዳሳተመ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የቀሪ ሂሳብን መሠረት የጣለውን መጽሐፉን እንዳወጣ ጠቀሰች። የፊዚክስ መምህሩ ከአድናቆት ጋር ትንሽ እርማት ጨመሩ። የ19 ዓመቱ ዑደት ከባቢሎናውያንና ከአቴናው ሜቶን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ስለሚገጥም። የጋውስም አንዱ ሥራ ከሌላው ወጣ ማለት አይቻልም አሉ። እሷም አላልኩም፣ ጎን ለጎን ነው ያስቀመጥኳቸው አለች። በዚሁ መሐል አንድ ሰው፣ በፊዚክስ ሊቁ በማክስዌል ዘመን የተሠራው የኬምብሪጁ ካቨንዲሽ ላቦራቶሪ በር ላይ የእግዚአብሔር ሥራ ታላቅ ነው የሚለው መዝሙር 111 ቁጥር 2 ተጽፏል ብሎ አስገባ። ሌላው ወዲያው፣ በኛ ዳዊት 110 ነው ብሎ አረመው። እውነቱን ነው።

19ኛውን የጻፈው ያው 4ኛው ሰው ነው። በዚህ ጊዜ ድምፁ ተለወጠ። ስድብ የለበትም፣ ክርክሩ ግን ከሁሉም የከበደ ነበር። ሥርዓት አስከባሪ ፈጣሪ ለሳይንስ ካስፈለገ አርኪሜድስ ከየት መጣ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ምሳርና ስለ ተንሳፋፊ አካል ያረጋገጠው ዛሬም ይሠራል። የዓለምን ሕግ ያወጣ አንድ ፈጣሪ የሚል ትምህርት አልነበረውም። ቻይናዎችስ? በ1054 የፈነዳችውን ኮከብ መዝግበዋል፤ የማግኔት ኮምፓስን ያወቁት ቀድመው ነው። የቻይና ሳይንስ ታሪክ ጸሐፊው ጆሴፍ ኒድሃም ቻይና ውስጥ የተፈጥሮ ሕግ የሚለው ሃሳብ ያልጎለበተው ሕግ የሚያወጣ ፈጣሪ ስላልነበራቸው ሊሆን ይችላል ማለቱን ያውቃል። ያ ግን ግምት ነው፣ በአንድ ምክንያት የተንጠለጠለ የታሪክ ትርጓሜ አላምንም አለ።

20ኛውን መምህሩ ጻፉ። ለ19ኛው ድጋፍ የሚሆን ነበር። በ1979 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት አብዱስ ሰላምና ስቲቨን ዋይንበርግ ናቸው፤ ግላሾውም አብሯቸው አለ። ኤሌክትሮማግኔቲክ ኃይልና ደካማው የኒውክሌር ኃይል አንድ መሠረት እንዳላቸው ሁለቱ በ1960ዎቹ ለየብቻቸው ደረሱበት። ሰላም ሙስሊም ነው፤ በሽልማቱ ግብዣ ላይ በአር-ረሕማን ፍጥረት ጉድለት አታይም የሚለውን የሱረቱል ሙልክ አንቀጽ ጠቅሷል። ዋይንበርግ ሃይማኖትን በግልጽ የሚቃወም ኢአማኒ ነበር። ቲዎሪው አንድ ነው። አንዱ አንድነትን በእምነቱ ጠበቀ፣ ሌላው በሂሳብ ውበት ጠበቀ። ወረቀቱን የሚያነብ ሰው የትኛው የማን እንደሆነ በእምነታቸው መለየት አይችልም።

4ኛው፣ ማለት 19ኛው፣ በ21ኛ ምላሽ በቀጥታ ጠየቀኝ። የመጨረሻው ውጤት ላይ እምነቱ የማይታይ ከሆነ፣ ከየት መጣ ብለህ ለምን ትጨነቃለህ?

እንዲህ መለስኩለት። በአርኪሜድስ ጉዳይ አልከራከርህም። ሃይማኖታዊ ሃሳብ ብቸኛው መንገድ ነው አላልኩም፣ አልልምም። አንድ ትልቅ መንገድ እንደነበረ ግን ኬፕለር ብቻውን ይበቃኛል። የምጨነቀው ለተማሪዎች ነው። ሳይንስ የሚወድ አማኝ ልጅ በአንድ በኩል ትክደዋለህ እየተባለ፣ በሌላ በኩል ኋላ ቀር ነህ እየተባለ ያድጋል። ለሜትርን የሚነግረው የለም። አምላኩን ሳይክድ፣ አምላኩን በቀመር ውስጥ ሳይሸጉጥ፣ የዘመኑን ትልቁን ፊዚክስ የሠራ ሰው እንደነበረ ቢያውቅ ከሁለቱም ጫፍ ይተርፋል። ኢአማኒ ተማሪም ቢሆን የሚያጠናው ትምህርት ጥያቄ ከየት እንደመጣ የማወቅ መብት አለው። ታሪኩ ተቆርጦ ሲነገረው ይበደላል።

እሱም ለተማሪዎቹ ባልከው እስማማለሁ፣ በኬፕለር ላይ ግን ገና አልጨረስንም አለ። የሥላሴውን ምሳሌ ብናወጣው ፀሐይ መካከል ናት ለማለት ኮፐርኒከስ ብቻ ይበቃው ነበር ባይ ነው። 14ኛዋ ጸሐፊ ወዲያው መለሰችለት። ኮፐርኒከስ ፀሐይን መካከል አደረጋት እንጂ ታንቀሳቅሳለች አላለም፤ የኃይል ጥያቄ የኬፕለር ነው። ሁለቱ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጻጻፉ አመሹ፤ አሁንም አልተስማሙም። የጂዳው ወንድም በ22ኛ ምላሽ ስለ ኢብን አል-ሀይሠም የብርሃን ሙከራዎች መጻፍ እንደሚፈልግ ስለነገረን፣ አዲስ ክር እንዲከፍት ለምነነዋል።